መስተዋት የብርሃንን ቀለም እንዲለውጥ ስለ ማድረግ



መስተዋት ብርሃንን ያሳልፋል፥ ያጐብጣል፥ ይመልሳል እንጂ ቀለሙን አይለውጥም ተብሎ ይነገራል። ፕሪዝም እንኳ ነጩን ብርሃን በየኅብሩ ይለያል እንጂ የሌለበትን አይፈጥርም።

ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፒተር ፍራንከንና ባልደረቦቹ የሞገድ ርዝመቱ 694 ናኖሜትር የሆነውን የሩቢ ሌዘር ቀይ ብርሃን በኳርትዝ ክሪስታል ውስጥ ቢያሳልፉ፥ ዐይን የማያየው የ347 ናኖሜትር ብርሃን ጥቂት ወጣ። ንዝረቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በፎቶግራፉ ላይ ምልክቱ እጅግ ደቃቅ ነጥብ ስለ ነበረ፥ በመጽሔት ሲታተም እንደ ጉድፍ ተቈጥሮ ተፋቀና ቀስቱ ባዶ ቦታ ሲያመለክት ቀረ ይባላል።

ኳርትዝ ይህን ሲያደርግ መስተዋት ስለ ምን አላደረገም? የንጹሑ መስተዋትና የኳርትዝ ሥሪት አንድ ነው፤ ሁለቱም ሲሊኮንና ኦክስጅን ናቸው። ልዩነቱ በአቶሞቹ አቋቋም ነው። ብርሃን ወዲያና ወዲህ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። በኳርትዝ ውስጥ ወደ አንዱ ወገን መገፋት ወደ ሌላው ከመገፋት ይቀላል፤ እጥፉ ንዝረት የሚወለደው ከዚህ መበላለጥ ነው። የመስተዋት አቶሞች ግን እንደ ገበያ ሕዝብ ያለ ሰልፍ የቆሙ ስለ ሆኑ፥ በጠቅላላው ሲታይ ወዲያና ወዲህ እኩል ይሆንና እጥፉ ይጠፋል። ሰልፍም ብቻውን አይበቃም። የገበታ ጨው አቶሞች በሚገባ ተሰልፈው ሳሉ፥ ሰልፉ ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት በመሆኑ ጨው ይህን ሥራ አይሠራም። ሕጉን የሚያስተምር ሁሉ ይህን ምክንያቱን አብሮ ሊያስተምር ይገባዋል፤ ምክንያቱ የተተወበት ሕግ ቀጥሎ የመጣውን ነገር ሊያስረዳ አይችልምና።

በ1986 ዓ.ም. ኡልፍ ኦስተርበርግና ዋልተር ማርጉሊስ በመስተዋት ክር ውስጥ የማይታየውን የ1064 ናኖሜትር ሌዘር ለብዙ ሰዓት ቢያሳልፉ፥ ክሩ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ብርሃን ያወጣ ጀመር። ሕጉ አልተሻረም፤ ብርሃኑ ራሱ የክሩን ውስጥ ለውጦት ነበር እንጂ።

በ1991 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ማየርስ፥ ሙከርጂና ብሩክ ይህንኑ በፈቃድ የሚያደርጉበትን ዘዴ አሳዩ። የሲሊካ መስተዋት ከ250 እስከ 325 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቁና ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት 5000 ቮልት ያህል ኤሌክትሪክ ያደርጉበታል። በሙቀቱ ጊዜ በመስተዋቱ ውስጥ እንደ እድፍ ተቀላቅለው የሚገኙት የሶዲየም አዮኖች ይላወሳሉ፤ ኤሌክትሪኩም ከፖዘቲቭ ዋልታው ያርቃቸዋል። ኃይሉ ሳይቋረጥ መስተዋቱ ሲቀዘቅዝ በደረሱበት ይቀራሉ። ሽቦው ከተነሣ በኋላ እንኳ ታስሮ የቀረው የኤሌክትሪክ ጫና የወዲያና የወዲህን እኩልነት እንዳዛባ ይኖራል። ይህ የሚሆነው ግን ከገጹ በታች 4 ማይክሮሜትር ያህል በሆነ ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ መስተዋቱም ዳግመኛ ቢሞቅ ለውጡ ይጠፋል።

ኃይሉ ሊቲየም ኒዮቤት ከተባለው ክሪስታል ያንሳል። ሆኖም የስልክና የመልእክት ብርሃን የሚጓዝበት ክር ራሱ ከሲሊካ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ሌላ ክሪስታል ሳይገጠምበት ብርሃንን እዚያው ክሩ ውስጥ መለወጥ የሚቻልበት በር ተከፍቷል።