ሁለተኛውን ባትሪ ማን ይገዛዋል?

(በቦርደዴ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንበት ጉዳይ አንድ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው መንደሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን የፀሐይ መብራት እንዲገባ ከልዩ ልዩ አጥቢያዎች ገንዘብ ተሰብስቧል። በዚህ ገንዘብ ምን እንግዛ? በጸሎት ቤቱ ጣሪያ ላይ አንድ ትልቅ ሶላር እንትከል ወይስ ለየቤቱ ትንንሽ እናድርስ? ይህን ከመወሰናችን በፊት ግን የራሳችንን ጥፋት ልንነግራችሁ ይገባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚህ ራቅ ባለች መንደር ለአንድ ጸሎት ቤት ፓኔልና ባትሪ በስጦታ አቆምን። ያሰብነው ለአራት አምፖልና ለማታ ትምህርት ነበር። ምእመናኑ በደስታ ተቀበሉን፤ እኛም ፎቶግራፍ አንሥተን ተመለስን። ጥቂት ቆይቶ ድምፅ ማጉያ ተቀጠለበት፤ ቴሌቪዥንም ተጨመረ። ይህ ከዐቅሙ በላይ ነው ብሎ የነገራቸው አልነበረም፤ መናገር የነበረብን እኛ ነበርንና። በሁለተኛው ዓመት ባትሪው ሞተ። ስንመለስ ተማሪዎቹ እንደገና በኩራዝ ጭስ ሲያነቡ አገኘናቸው። አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ የመጀመሪያውን እናንተ ገዛችሁ፤ ሁለተኛውን ማን ይገዛዋል?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለተነሣው ሰው የሰጠው ምሳሌ ለእኛም ነበር። ስለዚህ ዛሬ አብረን ተቀምጠን እንቁጠር።

አስቀድሞ የሚቆጠረው ፓኔሉ ሳይሆን የምንጠቀምበት ነው። አንድ ቤት እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሚወስዱ 4 አምፖሎችን ለ5 ሰዓት ቢያበራ 100 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ለሬድዮ 20፣ ለሁለት ሞባይል 20 ብንጨምር በጠቅላላው 140 ነው። በሽቦና በባትሪ ለሚባክነው አንድ ሦስተኛ ያህል ስንጨምርበት 187 ገደማ ይደርሳል። በአገራችን የአንድ ቀን ፀሐይ እንደ 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢቆጠር፣ 187 ለ5 ሲካፈል 37 ዋት ይመጣል። እንግዲህ ለዚህ ቤት 50 ዋት ፓኔል ይበቃዋል ማለት ነው።

ይህ ስሌት በአገራችን አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ሚቶ በምትባል መንደር 10.5 ኪሎዋት የፀሐይ ኃይል ተተክሎ 300 ያህል ቤተ ሰቦች ይጠቀሙበት ነበር። ለአንድ ቤት ሲካፈል 35 ዋት ነው። በ1989 የመንደሩን የውኃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ ለማንቀሳቀስ ሲፈለግ ግን ወደ 30 ኪሎዋት እንዲያድግ ተደረገ። ሥራው ሲጨምር ኃይሉም አብሮ ተጨመረ። እኛ የረሳነው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። በ12 ቮልት ባትሪ 140 ዋት-ሰዓት ማለት በቀን 12 አምፒር-ሰዓት ያህል ነው፤ ፀሐይ ለምትደበቅበት ቀን ጭምር የሁለት ቀን ብንይዝ 24 ይሆናል። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከግማሹ በላይ ቢራገፍ ዕድሜው ስለሚያጥር 50 አምፒር-ሰዓት ያለውን እንመርጣለን። የሊቲየም ባትሪ ግን እስከ 80 ከመቶ ቢራገፍም አይጎዳም፤ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ሲገዛ ግን ዋጋው ከበድ ይላል።

የቦርደዴ ቆላ ሙቀት ሊረሳ አይገባም። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከቆርቆሮው ሥር ሳይሆን ጥላና አየር ባለበት ስፍራ፣ ከምድጃም ርቆ ይቀመጥ። ፓኔሉም ሲግል ይደክማልና ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ይታሰር። ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ይበል፤ የመንገዱና የከብቱ አቧራ ሲሸፍነው ይወልወል።

ሻይ ቤት ወይም ሱቅ ያላችሁ ወገኖች ሒሳባችሁ ሌላ ነው። ትንሽ ማቀዝቀዣ እንኳ በቀን 500 ዋት-ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ ይህም ከላይ ያሰላነውን ቤት ሦስት ዕጥፍ ያልፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድና ካውያ ደግሞ ከእንደዚህ ያለ ትንሽ ሶላር ጋር አይስማሙም። ሞባይል መሙላትና ፀጉር ማስተካከል ግን ትንሽ ኃይል ወስደው ገቢ ያስገኛሉ። ስትገዙ የዋቱን መጠን በፓኔሉ ጀርባ ላይ አንብቡ፤ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይራገፍ የሚቆርጠውን ኮንትሮለር ሳትይዙ አትውጡ፤ ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ መለዋወጫው በጭሮ ገበያ መገኘቱንም ጠይቁ።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ትንንሹ ሶላር ለየቤቱ በብድር ይሰጥ። እያንዳንዱ ቤት ለነጭ ጋዝና ለባትሪ ድንጋይ ያወጣ የነበረውን በየወሩ ይክፈል፤ ከዚያም አንዱ ክፍል ለሚቀጥለው ባትሪ በሣጥን ይቀመጥ። ለጸሎት ቤቱ አነስተኛ ሆኖ ሞባይል የሚሞላበት ይተከል፤ ገቢውም ወደዚያው ሣጥን ይግባ። ከመካከላችሁም አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ጥገናውን ይማሩ።

ውሳኔው የእናንተ ነው። ትልቁን ብትመርጡ እንኳ የምንለምናችሁ አንድ ነገር አለ፤ ሣጥኑ ሳይከፈት ፓኔሉ ጣሪያ ላይ አይውጣ። ያን ጊዜ እኚያ አባት እንደገና ቢጠይቁን፣ «ሁለተኛውንማ እኛው ገዝተነዋል» ብላችሁ የምትመልሱላቸው እናንተ ትሆናላችሁ።