የፈረስ ስምና የክርስትና ስም፦ በእግዚአብሔር ፊት ስለ መቆም



በጉለሌ ተሰብስበን ስለ ትሕትና ስንነጋገር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲወጡ የሚገኘው የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በቂ መነሻ ይሆነናል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ የጫኑት በዚያ ነው። የነገሡበት ስም ምኒልክ ቢሆንም ሁለት ሌሎች ስሞችም ነበሯቸው፤ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው፣ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ይባል ነበር። «ዳኘው» ከዳኝነት የወጣ፣ ባለቤቱን በፍርድ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ስም ነው። «ሣህል» ግን በግእዝ ይቅርታ፣ ምሕረት ማለት ነው። አንዱ ስም ሰውየውን ከሌሎች በላይ ያወጣዋል፤ ሌላው ከምሕረት ጥላ ሥር ያስገባዋል።

ባህላችን ራስን ማወደስን የማያውቅ ባህል አልነበረም። ፉከራውና ሽለላው ምስክር ነው። ጀግናው በግብር አዳራሽ ዘራፍ ብሎ ተነሥቶ የዋለበትን ስፍራ፣ የፈጸመውን ገድል ይቆጥር ነበር። ይሁን እንጂ ለዚህ ንግግር የተለየ ቦታ ነበረው፤ አብረውት የዋሉትም ይሰሙት ነበር። ያው ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፣ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል፣ ስሙንም ይለውጣል። ለጸሎት ስም ሲሰጥ ደጃዝማችነቱን ትቶ ገብረ እገሌ፣ ወልደ እገሌ ይባላል፤ ሴቲቱም ወለተ እገሌ ወይም አመተ እገሌ ትባላለች። ባሪያ፣ ልጅ፣ አገልጋይ ከመባል ሌላ በዚያ የሚነገር ማዕረግ የለም። በዕለተ ስቅለትም ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ቸብ የሚያደርጋቸው ምእመናን፣ ሹም ሆኑ ለማኝ፣ እኩል ጎንበስ ብለው ይቆማሉ። በእስልምናም ለሐጅ የሚሄዱ ወንዶች ሁሉ ሁለት ያልተሰፉ ጨርቆች ለብሰው ሀብታሙ ከድኃው ሳይለይ ይቆማሉ።

የዘመናችን ችግር የፈረስ ስም መኖሩ አይደለም። ችግሩ የፈረስ ስማችንን ይዘን ወደ መቅደስ መግባታችን ነው። የስጦታው መጠን ከነሰጪው ስም በድምፅ ማጉያ ይታወጃል፤ ጾሙና ስግደቱ በፎቶግራፍ ይሰራጫል። በእኛም ሙያ እንዲሁ ነው። የማዕረግ ዕድገት የሚጠይቅ መምህር የሠራውን ዘርዝሮ ማቅረቡ ተገቢ ነው፤ ተቋሙ ሊመዝነው የሚችለው በሥራው ነውና። ነገር ግን ነጋ ጠባ ራሱን ሲያስተዋውቅ የኖረ ልብ ሌላ ቋንቋ ሊጠፋው ይችላል። በወንጌል የተነገረው ፈሪሳዊ በመቅደስ ያቀረበው ጸሎት የሥራ ማስረጃ ዝርዝር ነበር። ጾሙንና ዐሥራቱን ሲቆጥር ዋሽቷል አልተባለም። ጥፋቱ ራሱን ለማጽደቅ በአጠገቡ የቆመውን ቀራጭ ማሳነስ ማስፈለጉ ነው። ቀራጩ ግን የሚቆጥረው ነገር ስላልነበረው ምሕረትን ብቻ ለመነ።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ትሕትናም ራሱ ታይታ ሊሆን ይችላል የሚል ነው፤ እውነት ነው። ጎንበስ ብሎ ሰው አየኝ አላየኝ እያለ የሚሰርቅ ዐይን አለ። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ትሕትና ኃያላን ለደካሞች የሚያዝዙት መድኃኒት ሆኖ አልኖረምን? ሆኗል። ውጤቱን በጨዋነት የጠየቀ ተማሪን «ትሑት ሁን» ብሎ የሚያሳፍር መምህር የሚጠብቀው የገዛ ራሱን የፈረስ ስም እንጂ የእግዚአብሔርን ክብር አይደለም።

እንግዲህ እውነተኛውን ትሕትና በምን እንለየዋለን? መልሱን ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዘንድ እናገኘው ይመስለኛል። በመቅደስ የምናጣፋው ነጠላ የእነርሱ የእጅ ሥራ ነው። ሆኖም ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው በአገራችን ለዘመናት በሙያው ሲሰደብ ኖሯል። ነጠላውን ለብሰን ሰግደናል፤ የሠራውን ሰው ግን ንቀናል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። አዋጅ አፍን ሊገታ ይችላል፤ ልብን ግን አይለውጥም። ልብን የሚለውጠው ሰው በእግዚአብሔር ፊት የራሱን ልክ ማወቁ ነው። ምሕረት ለማኝ መሆኑን ያወቀ ሰው ሌላውን ለማኝ የሚንቅበት ከፍታ አይኖረውም።

ስለዚህ ስግደት የሚመዘነው ከተነሡ በኋላ ነው። ከቅዳሴ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ላይ ከሸማኔው ጋር ዋጋ የሚከራከር ሰው፣ ከጸሎት ተነሥቶ የተማሪን ወረቀት የሚያርም መምህር፣ የጓደኛውን ሥራ ሳይሰርቅ ስሙን ጠርቶ የሚጠቅስ ተመራማሪ፣ በመቅደስ የትኛውን ስሙን ይዞ እንደ ቆመ በዚያ ይታወቃል። በዩኒቨርሲቲ ግቢያችን የምናገኛቸው ማዕረጎች ሁሉ ለሥራ የተሰጡን ናቸው፤ በክብር እንያዛቸው። ወደ ፈጣሪያችን ስንቀርብ ግን ከጫማችን ጋር በደጁ እንተዋቸው።