ከሊሾ በታች

አንደኛ አቅራቢ፦ ዝናብ አብዛኛውን የዓመቱን ወራት በማይለየው በሚዛን ተፈሪ፣ የሻወርን ፍሳሽ መውጫ በኮንክሪት ወለል ውስጥ ማዛወር የሚጀምረው ሊሾውን በመስበር ሳይሆን፣ ነባሩ ቱቦ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ የሚወርድበትን ከፍታ በውሃ ልክ በመለካት ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ፍሳሹ የሚሄደው በራሱ ክብደት በመሆኑ፣ የ50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲዘቀዝቅ ይደረጋል፤ መውጫው 3 ሜትር ቢርቅ የ6 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተገኘ ሐሳቡን መተው ይሻላል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ሲፎኑስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ሲፎን፣ ማለትም በእጥፋቱ ውስጥ ጥቂት ውሃ አቁሮ የታንኩን ሽታ የሚያግደው ጎባጣ ቱቦ፣ ከመውጫው ሥር ይቀመጣል፤ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ቢቀር፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ የተቆፈረው ቀይ አፈር እንደረጠበ ተመልሶ ቢሞላ ውሎ አድሮ ስለሚሰጥም፣ ቱቦው በተጠቀጠቀ አሸዋ ላይ ሊተኛ፣ ውሃ ተሞልቶም አለማፍሰሱ ሊታይ ይገባል፤ ኮንክሪቱ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ወለሉ መሬት ላይ ያረፈ ሳይሆን ሶሌታ፣ ማለትም በአምዶች ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ግን፣ ብረቱ ከመቆረጡ በፊት መሐንዲስ ሊጠየቅ ግድ ነው።