«እናትየዋ አልቀረችም፤ እኛ መለስናት!»

(በገጠር ጤና ጣቢያ ለረጅም ጊዜ በነርስነት ሠርተው ወደ ኅብረተሰብ ጤና ምርምር የገቡ ባለሙያ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ካደረጉት ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ ማንንም ልከስ አልመጣሁም። በራሴ ላይ ልመሰክር ነው የመጣሁት።

የክትባት ነገር በተነሳ ቁጥር የምንዘፍናት አንዲት ዘፈን አለችን። «እናቶች ግንዛቤ የላቸውም!» ልጁ ካልተከተበ ጥፋተኛዋ እናትየዋ፣ ካርዱ ከጠፋም እናትየዋ። እኔም ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ይህንኑ ስዘፍን ኖሬአለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ውስጥ መሠረታዊ ክትባቶችን ጨርሰው የተገኙት 39 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ 89፣ አፋር 15! እና የአፋር እናት ለልጇ አትሳሳም ልንል ነው? አርብቶ አደሩ ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ የእኛ ማቀዝቀዣ ግን ግድግዳ ሥር ተገትሯል። ይህ እንግዲህ ቤት ለቤት ተዙሮ የተቆጠረው ነው። ከየወረዳው በሚላክ ሪፖርትማ አንዳንዴ ከመቶ ሰው ከመቶ በላይ ይከተባል! ይህን ለእናንተው ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ብልቃጧ ልምጣ። የኩፍኝ ክትባት ደረቅ ዱቄት ነው፤ በማሟሚያ ተበጥብጦ ይሰጣል። የተለመደችው ብልቃጥ የ10 ልጅ ናት። አንዴ ከተበጠበጠች ከ6 ሰዓት በላይ አትቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ሁለት ልጅ ብቻ ከመጣ የስምንቱን ልትደፊ ነው። «ለምን አባከናችሁ?» የሚል ተቆጣጣሪ ይመጣል። «ስንት እናት መለሳችሁ?» የሚል ግን እኔ ባገለገልኩበት ዘመን አንድም ቀን አልመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ ነው የሚለው። ምን ዋጋ አለው፣ ምክሩ በወረቀት ይመጣል፣ ተቆጣጣሪው ግን በእግሩ! ስለዚህ «የክትባት ቀን ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ነይ» እንላለን። ሐሙስ ደግሞ ገበያ ነው።

ምርምር ውስጥ ከገባሁ በኋላ መጠይቅ ይዤ ወደዚያው አገር ተመለስኩ። «ልጅሽን ለምን አላስከተብሽም?» ይላል ጥያቄው። መልሶቹ ከሥር ተደርድረዋል፤ አላወቅሁም፣ ፈራሁ፣ ባለቤቴ ከለከለኝ፣ ሩቅ ነው። አንዲት እናት በርጩማ አቅርባልኝ ጥያቄውን ሳነብላት ትክ ብላ አየችኝ።

«ሲስተር፣ አላወቁኝም እንዴ? ሐሙስ ነይ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግሯ፣ ልጅ አዝላ መጥታ ነበር። ሐሙስ አልሆነላትም። ልጁን ኩፍኝ ያዘው። ነፍሱ ተረፈች፤ አንድ ዓይኑ ግን ነጭ ለብሶ ቀረ። ያን ጊዜ አጠገባችን ቆሞ ፍየል ይጠብቅ ነበር። እሷ እቴ፣ አልተቆጣችም፤ ቡና አፍልታ አጠጣችኝ። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ መጠይቁን አየሁት። «መለሱኝ» የሚል ቦታ የለውም። መጠይቁን ያዘጋጀሁት ደግሞ ራሴ ነኝ!

ወሬ ሰምታ የፈራች እናት የለችም አልልም፤ አለች። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «መጨረሻ የመጣሽ ዕለት ምን ብለው ሸኙሽ?» ነው የምለው። ይህን ስትጠየቅ ዝም የምትል እናት የለችም።

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በ15 ወር የሚሰጥ ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት ተጨምሯል። መልካም ነው። ለእናትየዋ ግን አንድ ተጨማሪ መንገድ፣ ለእኛም አንድ ተጨማሪ የመመለሻ ዕድል ነው።

ከጤና ቢሮ የመጣችሁ እዚህ አላችሁ። የምለምናችሁ በጀት አይደለም። የከተብናቸውን በምንጽፍበት መዝገብ ላይ የመለስናቸውን የምንጽፍባት አንዲት ረድፍ ትጨመርልን። የሚያሰምር ከጠፋ ማስመሪያውን እኔ አመጣለሁ።