መጽሐፉን ዘግቶ ስለ ማጥናት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ፈተና መናገር በድግስ መካከል ዕዳ እንደ ማንሣት ያለ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ልባቸው ዛሬም ቢሆን ከበዓሉ ይልቅ ከፈተናው ዘንድ መሆኑን ስለማውቅ፣ ንግግር እንዳደርግ ስጠየቅ እሺ አልሁ።

ነገሩ የሚያስፈራ መሆኑን መካድ አይገባም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቍጥሩ ከመቶ 8.4 ደርሷል። መሻሻል ነው፤ ቢሆንም ከዐሥራ ሁለት ተማሪዎች አንዱ ማለት ነው። ስለዚህ ከሰበታም ሆነ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ የመጣ ልጅ «እፈራለሁ» ቢል ሰነፍ አያሰኘውም። ሒሳብ ያውቃል ማለት ነው።

እኔም በጊዜዬ ይህን ፈተና መጀመሪያ ስወስድ ወድቄአለሁ። የባዮሎጂውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ አንብቤ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት፣ የዋዜማውን ሌሊት ቡና እየጠጣሁ አነጋሁት። በአዳራሹ ውስጥ ስለ ኵላሊት ሲጠየቅ፣ ሥዕሉ በቀኝ ገጽ ከላይ እንደ ነበረ፣ በጠርዙም የሻይ ጠብታ እንደ ፈሰሰበት ጭምር ታወሰኝ። መልሱ ግን አልመጣም።

ውጤቱ በተነገረ ሰሞን ሰበታ ይኖሩ የነበሩ አጎቴ ሊያጽናኑኝ መጡ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። መጽሐፉን አንሥተው አገላበጡና፣

«ይህን ሁሉ አጥንተኸዋል?» አሉኝ።

«አዎን ጋሼ፣ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

«ማንበብህንማ ቀዩ ቀለም ይመሰክራል። እስቲ ዝጋውና ንገረኝ።»

ሦስት ዐረፍተ ነገር ተናግሬ ቆምሁ። አጎቴም ሣቁና «የኔታ ቢሰሙህ ኖሮ ገና አልጀመርህም ይሉህ ነበር» አሉኝ።

በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት በምሽት፣ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ይካሄዳል። መምህሩ ወይም የቀደመው ተማሪ ይነግራል፤ ጀማሪው ደግሞ በቃሉ ይመልሳል። የያዘውና ያልያዘው እዚያው ይለያል። እኛ ዘመናዊ ተማሪዎች ይህን «ሽምደዳ» ብለን ንቀነዋል። ነገሩን ሳይረዱ መሸምደድ በእርግጥ የሚናቅ ነው። ነገር ግን የተረዱትን ነገር መጽሐፉን ዘግቶ መናገር ሌላ ነው።

ይህንም የሚያጸና ምርምር አለ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2006 ሮዲገርና ካርፒኬ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስጠኑ። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ደጋግመው አነበቡ፤ ሌላውን አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን ሳያዩ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡትን አብልጠው አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ካነበቡት ከመቶ 42 ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ ከጻፉት ከመቶ 56 አስታወሱ። እንግዲህ የሚያታልለን ያ የአምስት ደቂቃው ነው። መጽሐፉ ተገልጦ ሳለ ሁሉም የታወቀ ይመስላል። ፈተናው ግን ተዘግቶ ይመጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ክፍል አንብባችሁ ስትጨርሱ መጽሐፉን ዝጉና ባዶ ወረቀት ላይ የምታውቁትን ጻፉ። ከዚያ ገልጣችሁ የጎደለውን ብቻ ምልክት አድርጉበት። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላም ተመለሱበት። ሒሳብ የሆነ እንደ ሆነ የተሠራውን ምሳሌ ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ከቡራዩ ወደ አስኮ ታክሲ የምትጠብቁ ልጆች በሰልፉ ላይ አንዱ አንዱን ይጠይቅ፤ ለዚህ ጠረጴዛም መብራትም አያስፈልግም። የመብራትን ነገር የማነሣው በየጊዜው ስለሚጠፋብን ነው።

ስለ ዕረፍትም ጥቂት ልበል። የሱሉልታ ልጆች ማለዳ በሜዳው ላይ የሚሮጡትን አትሌቶች ታውቃላችሁ። ጠንካራ ልምምድ ካደረጉ በማግስቱ ቀለል አድርገው ይሮጣሉ፤ በቀን ጭምር ይተኛሉ። አሠልጣኝ በውድድር ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስሮጠው ሯጭ አለን? ያጠናነው ነገር የሚጸናው ስንተኛ ስለ ሆነ፣ እንቅልፍ ከጥናቱ ሰዓት እንደ ተሰረቀ አትቍጠሩት።

ልቡ በፈተናው ጠዋት የሚመታበት ደግሞ ይህን ይሞክር። በ2011 በአውሮጳ አቆጣጠር በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት፣ ከፈተና በፊት ዐሥር ደቂቃ ያህል ፍርሀታቸውን በወረቀት የጻፉ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ፍርሀቱ በወረቀቱ ላይ ሲሰፍር አእምሮ ለሥራው ነጻ ይሆናል። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሳምንታት የጠፋበት ልጅ ግን ይህ አይበቃውም፤ ለመምህሩ ወይም ለወላጁ ይንገር፣ ጤና ጣቢያም ይሂድ። የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

አሁን ወላጆችን ልለምን። «የእገሌ ልጅ ይህን ያህል አመጣች» ማለት ልጅን ሲያስጠና አላየሁም፤ ከእናንተ ሲያስደብቅ ግን አይቻለሁ። «እኔ አልተማርሁም፣ በምን ልረዳው?» የምትሉም ብዙዎች ናችሁ። ደብተሩን ተቀበሉት። ገልብጣችሁም ብትይዙት ግድ የለም። «ዛሬ የተማርኸውን ንገረኝ» በሉት፤ ሲናገርም ስሙት።

አጎቴ ያደረጉልኝ ይህንኑ ነው። ዓመቱን ሙሉ በየቅዳሜው ሰበታ እየሄድሁ ቡናው እስኪፈላ እነግራቸው ነበር። ኬሚስትሪ አያውቁም፤ መጠራጠሬን ግን ያውቃሉ። «እዚህ ላይ ድምፅህ ቀጠነ፤ ተመለስና እየው» ይሉኛል። ስመለከት እውነትም የማላውቀው እዚያ ላይ ነው። በዓመቱ በግል ተፈትኜ አለፍሁ።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ እገኛለሁ። ባዶ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ኑ።