ስለ መርከበኛ ዕረፍት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ መርከበኛ ኑሮ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ጋበዛችሁን ከልብ እናመሰግናለን። ከመካከላችሁ ትምህርታችሁን ፈጽማችሁ ወደ ባሕር ለመውጣት የምታስቡ እንዳላችሁ ሰምተናል። አገራችን ዛሬ የባሕር በር የላትም፤ ነገር ግን ከጣና ዳርቻ ከባሕር ዳር ከተማ መርከበኛ ሠልጥኖ ወደ ውቅያኖስ ይወጣል። ስለዚህ ነገሩ የራሳችን ጉዳይ ነው።

ሰው ስለ ባሕር ሲጠይቀን አስቀድሞ የሚያነሣው ማዕበሉን ነው። ማዕበልስ ያልፋል። በረዥም ጉዞ ሰውን የሚጎዳው የእንቅልፍ እጦት ነው። በብዙ መርከብ ላይ ቀንና ሌሊቱ በፈረቃ ተከፍሎ አራት ሰዓት ይሠራል፤ ስምንት ሰዓት ይታረፋል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የቆመ ሰው ከቀኑም ከ6 እስከ 10 እንደ ገና ይቆማል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሥርዐቱ መልካም ነው። ነገር ግን በዕረፍቱ ሰዓት የእሳት አደጋ ልምምድ አለ፤ የሚጠገን ቧንቧ አለ፤ ወደብ ሲደረስም ጭነቱ፣ ገመዱ፣ ተቆጣጣሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ወደ ምሥራቅ በሚሄዱበት ጊዜ ደግሞ በየ15 ዲግሪው ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ ሌሊቱ ራሱ ያጥራል።

ለዚህ ሕግ ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔቭ ጸድቆ በ2013 በሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አለ። ሥራውን በዕረፍት ሰዓት ለመለካት የመረጡ አገሮች፣ መርከበኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት፣ በሰባት ቀንም ውስጥ ከ77 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት እንዲያገኝ ማድረግ አለባቸው። ልብ በሉ፤ ሳምንቱ 168 ሰዓት ነውና ሕጉ ሙሉ በሙሉ ቢከበር እንኳ 91 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። ከዚህ ላይ የሚሰረቅ ነገር ሊኖር አይገባም ነበር።

ነገር ግን ይሰረቃል፤ በሰረቃውም ላይ እኛ ራሳችን ፈርመናል። በመጀመሪያው መርከባችን ላይ በወሩ መጨረሻ የዕረፍት መዝገቡ ተሞልቶ ቀረበልን። በየቀኑ አሥር ሰዓት ዐርፈዋል ይላል፤ ያረፍነው ግን ከዚያ በታች ነበር። «ሌላው ሁሉ ፈርሟል» ተባልን። ለሚቀጥለው ውል አንጠራም ብለን ፈርተን ፈረምን። ደመወዙ በዶላር ነበርና ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆንን።

ገደሉም ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የድንጋይ ከሰል የጫነችው ሼን ኔንግ 1 የተባለች መርከብ በአውስትራሊያ ባሕር ከታላቁ የኮራል አለት ላይ ወጣች። የአገሩ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ በዚያ ሰዓት ተረኛ የነበረው ዋና መኰንን ከዚያ በፊት በነበሩት 38 ሰዓት ተኩል ውስጥ የተኛው ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር። እንግዲህ የሐሰት መዝገብ የሚጎዳው ፈራሚውን ብቻ አይደለም። ወደብ ላይ መርከቡን የሚመረምረው ሰው በወረቀቱ ላይ ያረፈ ሰው ካየ፣ ሠራተኛ ይጨመር ብሎ የሚያዝበት ምክንያት የለውም። የባልንጀራችንንም ዕረፍት አብረን ሸጥንበት ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ያረፋችሁበትን ሰዓት በየዕለቱ በራሳችሁ ደብተር ጻፉ። ሁለተኛ፣ ከመዝገቡ አንድ ቅጂ ማግኘት በሕግ መብታችሁ ነውና ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ለብቻችሁ አትቁሙ። በኋላ በሠራንበት መርከብ ላይ አምስት ሆነን ተማክረን ትክክለኛውን ሰዓት ብቻ ጻፍን። አዛዡ ተቆጣ፤ ወረቀቱንም መለሰብን። እኛም መልሰን ያንኑ ሰጠነው። በሳምንቱ የልምምዱ ሰዓት ተለወጠ፤ የሌሊት ተረኞችም ጠዋት እንዲተኙ ተደረገ። አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ወደብ በተሰናበተ ነበር።

እናንተ ማኅበር ምን እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። ወደ ባሕር ስትወጡ ይህን ዕውቀት ከወደብ ላይ ጥላችሁት አትሂዱ።