በጀበል ኩጁር ግርጌ፤ ሕዝብ ለአደጋ ምን ያህል እንደ ተጋለጠ ስለ መመዘን



ጀበል ኩጁር ከጁባ ከተማ በስተምዕራብ የቆመ ድንጋያማ ተራራ ነው። ጀበል በዐረብኛ ተራራ ማለት ሲሆን፥ ኩጁር የሚባለው በዚያ አገር መንፈስ ያናግራል፥ ዝናም ያዘንማል ተብሎ የሚከበርና የሚፈራ ሰው ነው። ከተራራው ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ከተማው ተዘርግቶ ይታየዋል፤ ባሕር ግን የለም። የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ከዚያ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ታዲያ ሱናሚ የሚባለው የባሕር ማዕበል ለዚህ ተራራ ምኑ ነው? የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ሱናሚን በአብዛኛው የሚያስነሣው የባሕር ወለል መናወጥ ነው፤ ጁባንም የሚያሰጋት ያው የምድር መናወጥ ነው። ከዚህም በላይ፥ ሊቃውንት የባሕር ዳርቻውን ሕዝብ ሲመረምሩ ያገኙት ትምህርት፥ ይኸውም ከአደጋው ኀይል ጋር አደጋው የሚደርስበትን ሰው አኗኗር መመዘን፥ ለየብስም አገር የሚሠራ ነው።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ. ም. በሱማትራ ደሴት አጠገብ የባሕሩ ወለል ተናውጦ የተነሣው ማዕበል ከ220,000 በላይ ሰዎች ፈጅቷል። ሐፉን የምትባለው የሶማሊያ የዓሣ አጥማጆች መንደር ከዚያ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለች ደረሰባት። ማዕበሉ ያን ሁሉ ባሕር ለማቋረጥ ከስድስት ሰዓት በላይ ወስዶበታል፤ ዳሩ ግን በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ለሐፉን ሰው የነገረው አልነበረም። በሶማሊያ 300 ያህል ሰዎች ሲሞቱ፥ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ሕዝቡ ከዳርቻው እንዲርቅ በተደረገባት በኬንያ የተመዘገበው ሟች አንድ ነው። እርግጥ ሐፉን በዝቅተኛ አሸዋ ላይ የተቆረቆረችና ማዕበሉ በቀጥታ የመጣባት ስለሆነች፥ ሁለቱን እኩል አድርጎ ማወዳደር አይገባም። ቢሆንም ስድስት ሰዓት አንድ መንደር ወደ ከፍታ ለማውጣት የሚያንስ ጊዜ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የሲሙሉዌ ደሴት ነገር ነው። ይህች ደሴት ለመናወጡ ሥፍራ እጅግ ቅርብ ስለ ነበረች፥ ማስጠንቀቂያ የሚልክላት ቢኖር እንኳ ባልደረሰላት ነበር። ነገር ግን ከ70,000 በላይ ከሚሆነው ሕዝቧ የሞቱት 7 ያህል ብቻ ናቸው። በ1899 ዓ. ም. በደረሰባቸው ማዕበል ብዙ ወገን አልቆባቸው ስለ ነበር፥ ምድር አጥብቃ ከተናወጠችና ባሕሩ ከሸሸ ሳትዘገይ ወደ ኮረብታ ሩጥ የሚለውን ምክር አያቶች ለልጅ ልጆች በተረትና በእንጉርጉሮ ሲያወርሱ ኖረዋል። ማዕበሉንም ስሞንግ ይሉታል፤ ይህን ቃል የማያውቅ ሕፃን አልነበረም።

ጁባም የራሷ የሆነ ማስታወሻ አላት። ከከተማው በስተደቡብ፥ በነጭ ዓባይ ዳር ያለው ኮረብታ ረጃፍ ይባላል፤ ስሙ በዐረብኛ ከመንቀጥቀጥ የወጣ ነው። ለመምህራን ይህ ሥፍራ እንግዳ አይደለም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 በደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች በየትኞቹ ቋንቋዎች ይማሩ ተብሎ ጉባኤ የተደረገው እዚያው ነውና። ጉባኤተኞቹ የሥፍራውን ስም ትርጓሜ ጠይቀው እንደ ሆነ ግን አይታወቅም።

ግንቦት 12 ቀን 1982 ዓ. ም. ሌሊቱ ሊነጋ ሲል በዚያው በጁባ አካባቢ ምድር ተናወጠች። ብርታቱ በመለኪያው ከ7 በላይ ስለ ነበረ፥ በ20ኛው መቶ ዓመት በአፍሪካ ከተመዘገቡት ታላላቆች አንዱ ነው፤ በአራተኛውም ቀን ሌሎች ብርቱዎች ተከተሉት። ሆኖም የሞተው ሰው ከመናወጡ ብርታት ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነበር። አገሩ ሰው የሳሳበት፥ ቤቱም አብዛኛው ዝቅ ብሎ በእንጨት፥ በጭቃና በሣር የተሠራ ጎጆ ነበር፤ የሣር ክዳን ቢወድቅ እንደ ሲሚንቶ ጣሪያ አይጨፈልቅም። ያን ጊዜ ሕዝቡን ያተረፈው፥ እንግዳ ነገር ቢመስልም፥ የቤቱ ድህነት ነው።

ከ1997ቱ የሰላም ውል በኋላ፥ ይልቁንም በ2003 ዓ. ም. የነጻ አገር ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ጁባ ሌላ ከተማ ሆናለች። ፎቅ በፎቅ ላይ ተሠርቷል፤ ለንግድና ለሆቴል ሥራ የሄዱ ኢትዮጵያውያንም በእነዚሁ ጣሪያዎች ሥር ያድራሉ። በጀበል ኩጁር ግርጌ ደግሞ ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ድንጋዩን በመዶሻ እየፈለጡ ለግንባታ የሚሆን ጠጠር ይሸጣሉ። በድንጋዩ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ሲሚንቶው ተቆጥቦ አሸዋው ከበዛ፥ ብረቱ ከቀጠነ፥ የፈሰሰውም ኮንክሪት ውሃ ሳይጠጣ በፀሐይ ከደረቀ፥ ያ ጠጠር በተኛ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ሸክም ይሆናል። ምድር እንደ ቀድሞዋ ስትሆን፥ ለአደጋ መጋለጥ ግን በሰው እጅ ተጨምሯል።

ይህ የጁባ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ1953 ዓ. ም. ማጀቴ፥ በ1961 ዓ. ም. ሰርዶ በመናወጥ ፈርሰዋል፤ በ2017 ዓ. ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፋን ተራሮች አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል።

መዘኑ ባለሙያ መሐንዲስ የሚፈልግ ክፍል አለው። መምህርና ርእሰ መምህር በራሳቸው ሊጀምሩት የሚችሉት ክፍል ግን አያንስም፤ የክፍሉ በር ወደ ውጭ ይከፈታል ወይስ ወደ ውስጥ? በአንድ በር ስንት ልጅ ይወጣል? ግንቡን ማን ሠራው፥ በውስጡስ ብረት አለበት? ልጆቹ የሚሰበሰቡበት፥ ግንብም የኤሌክትሪክ ሽቦም የማይወድቅበት ሜዳ የት ነው? በጁባ ሌላም ይጨመራል። ያን የግንቦት ንጋት በ20 ዓመቱ ያየ ሰው ዛሬ ከ50 ዓመት አልፎታል፤ በጦርነቱ ብዙ ነባር ሰው ተሰዷል፥ ብዙም አዲስ ሰው ገብቷል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ካሉት ተማሪዎች ወላጆችና አያቶች መካከል ያን ዕለት በጁባ የነበሩት ስንት እንደ ሆኑ፥ ያዩትንም ለልጆቻቸው ነግረው እንደ ሆነ መጠየቅ ከመዘኑ አንዱ ክፍል ነው።